"ከፍዬ ራሴ ልጠብስ?" እና ሌሎች ስለ ኮሪያ ጥብስ ቤት የሚባሉ ነገሮች

አናንዴል፣ ቨርጂኒያ የኮሪያውያን ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት ሰፈር ነው። ሐበሻ ከሚበዛበት አሌክሳንድሪያ በመኪና ቅርብ ነው። እንዲያም ሆኖ ዘመዶቼን "ዛሬ የኮሪያ ጥብስ እንብላ" ስላቸው ያመነታሉ። የሚሰጡኝ ምክንያት አብዛኛው ከወሬ የመጣ ነው። ይህን ምግብ በጣም ስለምወደው በወሬ ብቻ ሲያመልጣቸው ያሳዝነኛል። የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

"ገንዘቤን ከፍዬ ራሴ ልጠብስ?"

ይህን ያላለኝ ሰው የለም። ጥሬ ሥጋ ጠረጴዛችሁ ላይ መቅረቡ እውነት ነው። ከጠረጴዛው መሃል የከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ አለ። ግን ብቻችሁን አይተዉአችሁም። በብዙ ቤት አስተናጋጇ ራሷ መጥታ ትጀምርላችኋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ያስተናገደችን ሴት በዕድሜ እናቴን ታክላለች። ረጅሙን የጎድን ሥጋ በመቆንጠጫ አንስታ የጋለው ብረት ላይ ዘረጋችው። ቸስ አለ። ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ጠብቃ ገለበጠችው። ከዚያ ከሽርጧ ኪስ መቀስ አወጣች። ሥጋውን በመቆንጠጫው ወጠር አድርጋ፣ እዚያው እሳቱ ላይ ቀጭ ቀጭ አደረገችው። እያንዳንዱ ቁራጭ ልክ አንድ ጉርሻ። ኮሪያ ውስጥ ደንበኞች እንዲህ ያለችውን ሴት "ኢሞ" ብለው ይጠሯታል። የእናት እህት፣ አክስት ማለት ነው። እኛም የማናውቃትን ትልቅ ሴት "እትዬ" እንደምንለው።

ራሳችሁ ብትጠብሱም አያስቸግርም። ብረቱን በሥጋ አትሙሉት፤ ውሃውን ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጥሬውን በመቆንጠጫ እንጂ በምትበሉበት ቾፕስቲክ አትንኩ። ያልተዘፈዘፈውን ሥጋ አስቀድሙ። በሶይ ሶስና በስኳር የተዘፈዘፈው ቶሎ ያርርና ብረቱን ያጠቁረዋል። ሲጠቁር "ቀይሩልን" በሉ። ንጹሕ ብረት ማምጣት የዕለት ሥራቸው ነው፤ አትፈሩ።

"ያው አሳማ ነው"

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ኮሪያ ውስጥ እጅግ ከሚወደዱት ጥብሶች አንዱ ሳምግዮፕሳል ነው፤ የአሳማ ሆድ ሥጋ። ስሙ "ሦስት ድርብ ሥጋ" እንደማለት ነው፤ ቀዩና ስቡ ተደራርቦ ይታያልና። የበሬውም ዝርዝር ግን ረጅም ነው። ቡልጎጊ በስሱ ተቆርጦ የተዘፈዘፈ ሥጋ ነው፤ ቃሉ "የእሳት ሥጋ" ማለት ነው። ቻዶልባጊ እንደ ወረቀት የሳሳ የፍርምባ ሥጋ ነው። ብረቱን ከነካ በሴኮንዶች ውስጥ ይበስላል፤ ዓይናችሁን አትንቀሉበት። ጋልቢ ደግሞ ጎድን ነው።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። ጋልቢ ማለት ጎድን እንጂ የበሬ ጎድን ማለት አይደለም። "ሶ ጋልቢ" ከሆነ የበሬ ነው። "ድዌጂ ጋልቢ" ከሆነ የአሳማ ነው። ሜኑው ላይ ካልገባችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። አብሯችሁ የተቀመጠ ሰው አሳማ ካዘዘ ደግሞ ብረቱ አንድ ስለሆነ፣ ይህን ሳታዝዙ በፊት ተነጋገሩበት። ሙስሊም ወገኖቼ ሥጋው የበሬ ስለሆነ ብቻ ሐላል እንደማይሆን ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ ሐላል መሆኑን በግልጽ የሚናገር ቤት መምረጥ ነው።

ዶሮም አለ። ዳክጋልቢ ይሉታል። በቀይ በርበሬ ስጎ የተለወሰ ዶሮ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋር ሰፊ ምጣድ ላይ ይጠበሳል። አገሩ ቹንቾን የምትባል ከተማ ናት። የዚህችን ከተማ ስም ስሰማ ሆዴ ይባባል። በ1951 እ.ኤ.አ. ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ያለው እዚያው ቹንቾን ነው። አንድ ቀን ሄጄ መታሰቢያውን አይቼ፣ ዳክጋልቢውን ከነምጣዱ ማዘዝ ምኞቴ ነው።

"የኮሪያ ምግብ ሁሉ ያቃጥላል"

ሁሉም አያቃጥልም። ቡልጎጊ ጣፈጥ ይላል። ያልተዘፈዘፈ ሥጋ በጨውና በሰሊጥ ዘይት እየተጠቀሰ ይበላል። ልጆች ሲበሉት አይቻለሁ።

"ያላዘዝነውን ሳህን ደርድረው ሊያስከፍሉን ነው"

ትንንሾቹ ሳህኖች ባንቻን ይባላሉ። ኪምቺ (በበርበሬ የተብላላ ጎመን)፣ የበቀለ አኩሪ አተር፣ ስፒናች፣ የተቀመመ ፍጅል... እንደየቤቱ ይለያያል። ከጥብሱ ጋር የሚመጡ ናቸው፤ አይከፈልባቸውም። ሲያልቅም ይጨምሩላችኋል። አንዲት አክስቴ ግን ሒሳብ ይመጣብኛል ብላ ግማሹን ሳትነካው ቀረች። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ኪምቺ አትክልት ቢመስልም ብዙውን ጊዜ በጨው የተብላላ ሽሪምፕ ወይም የዓሣ ፈሳሽ ይገባበታል። በፆም ዓሣ የማትበሉ ጠይቁ።

"በቾፕስቲክ መብላት ካልቻልክ አትሂድ"

ይህ ወሬ ከሁሉም በላይ ያስቆጨኛል። ምክንያቱም የዚህ ማዕድ ምርጡ ክፍል በእጅ ነው የሚበላው።

ሳም ይሉታል፤ መጠቅለል ማለት ነው። የሰላጣ ቅጠል መዳፋችሁ ላይ ዘርጉ። ከፈለጋችሁ ጠርዙ መጋዝ የሚመስለውን የፔሪላ ቅጠል ደርቡበት። ሽታው ኃይለኛ ነው፤ መጀመሪያ ግር ይላል፣ በኋላ ይናፍቃል። አንድ ቁራጭ ሥጋ፣ ትንሽ ሩዝ፣ እሳቱ ላይ የተጠበሰች ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ሳምጃንግ ጠብ አድርጉበት፤ የእኛን ድልህ የሚያስታውስ፣ ከአኩሪ አተርና ከበርበሬ የተሠራ ሊጥ ነው። ጠቅልላችሁ በአንድ ጊዜ ወደ አፍ። ሁለት ቦታ አትግመጡት፤ ይፈርስባችኋል። እንጀራ ሲጠቀልል ያደገ እጅ ይህን ማን ያስተምረዋል?

ኮሪያውያን ይህን ጠቅልለው ለሚወዱት ሰው አፍ ውስጥ ያደርጋሉ። እኛ ጉርሻ እንላለን። ያን ቀን የጋበዘችኝ ኮሪያዊት የሥራ ባልደረባዬ ጠቅልላ ስትዘረጋልኝ፣ እኔም ወዲያው ጠቅልዬ መለስኩላት። በአንድ ጉርሻ ያጣላልና ሁለተኛውንም ደገምኩ።

"ሶጁ መጠጣት ግዴታ ነው"

አይደለም። ሶጁ የኮሪያውያን የአልኮል መጠጥ ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ግን ማንም አይከለክላችሁም። ከጠጣችሁ ግን ለራሳችሁ አትቅዱ፤ ሌላው ይቅዳላችሁ። ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ ይቀዳል። ይህን ከቤታችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

"ሥጋው ካለቀ አለቀ"

ሥጋው ሲያልቅ "ምግብስ ምን ልስጣችሁ?" ይሏችኋል። ለኮሪያዊ ሥጋው ብቻ ምግብ አይሞላም፤ መዝጊያው ሩዝ ከደንጃንግ (ከተብላላ አኩሪ አተር ሊጥ) ወጥ ጋር ወይም ኔንግምዮን ነው። ኔንግምዮን በረዶ በገባበት መረቅ የሚቀርብ ቀጭን ፓስታ ነው። የሥጋው ስብ አፋችሁ ውስጥ እንዳለ ያንን ቀዝቃዛ መረቅ ስትጎነጩ ልዩ ነው። ፓስታው በጣም ረጅም ነው፤ በጥርስ አይበጠስም። አትጨነቁ፤ ኢሞ መቀሷን ይዛ ትመለሳለች።