የተዋጠው ባክቴሪያ ሲያበራ

ማክሮፌጅ ከሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች አንዱ ነው። ዋና ሥራው መብላት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባክቴሪያ ሲያገኝ በሽፋኑ ከብቦ ይውጠዋል። የተዋጠው ባክቴሪያ ፋጎዞም በሚባል ከረጢት ውስጥ ይታሰራል። ከዚያ አሲድና ኢንዛይም የያዙት ላይሶዞሞች መጥተው ከከረጢቱ ጋር ይዋሃዳሉ። መፈጨት ማለት ይሄ ነው።

ችግሩ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ መዋጡ ቢታይም መፈጨቱ አይታይም። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ኢሊያ ሜችኒኮቭም ይህ ሳይገባው አልቀረም። በ1882 እ.ኤ.አ. ሲሲሊ ውስጥ፣ መሲና ላይ፣ የባሕር ኮከብ እጭን በእሾህ ወግቶ ሴሎች ሲከቡት ያየው ሰው ነው። በኋላ ለበላተኛ ሴሎች አሲድ ሲነካው የሚቀላ ሊትመስ የሚባል ቀለም አብልቶ ሰማያዊው ሲቀላ ተመለከተ። ውስጡ አሲድ ነው ማለት ነው።

ዛሬም ያው ሐሳብ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይሠራበታል። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ የሚመልስ ቀለም አለ። ማጣሪያው ሰማያዊውን ያስቀርና አረንጓዴው ብቻ በጨለማ መሐል ይታያል። ፒኤችሮዶ የሚባለው ቀይ ቀለም ደግሞ ከሴሉ ውጭ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 7.4 አካባቢ፣ ደብዛዛ ነው። ፋጎዞሙ ወደ 5 ሲወርድ ይደምቃል። በዚህ ቀለም የተነከረ ባክቴሪያ መጀመሪያ ብዙም አይታይም። ከተዋጠ ከደቂቃዎች በኋላ ግን እፍ እንዳሉት ፍም እየቀላ ይመጣል። እኔ ከዘዴዎቹ ሁሉ የምወደው ይሄንን ነው።

ከውጭ ተለጥፎ የቀረ ባክቴሪያም የተዋጠ ሊመስል ይችላል። መላ አለው፦ ትራይፓን ብሉ ጠብ ይደረጋል። ይህ ቀለም ሕያው ሴል ውስጥ ስለማይገባ፣ ውጭ የቀሩትን ባክቴሪያዎች አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ያጠፋል።

የቲቢ ባክቴሪያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ላይሶዞሙ ቀይ፣ ባክቴሪያው አረንጓዴ ተደርጎ ሲታይ፣ በሙቀት የተገደለው ከቀዩ ጋር ተደርቦ ቢጫ ይሆናል። ሕያው የሆነው ግን በአብዛኛው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ተውጧል፣ አልተፈጨም። ባክቴሪያው ፋጎዞሙን ከላይሶዞም ጋር እንዳይዋሃድ አግዶታል። ፒኤቹም 6.2 አካባቢ ላይ ይቆማል።

ቢጫ ሁሉ ግን ውህደት አይደለም። ከ200 ናኖሜትር በታች የተቀራረቡ ሁለት ነገሮች በተለመደው መሣሪያ አንድ መስለው ይታያሉ። ጠንካራ ብርሃን ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዛል፤ ሴሉንም ይጎዳል። ስለዚህ ብርሃኑ ቀነስ ተደርጎ፣ ፎቶው በየተወሰነ ጊዜ ይነሳል። ከጎን ደግሞ ባፊሎማይሲን የተጨመረበት ሰሃን ይቀመጣል። ይህ ኬሚካል ከረጢቱ አሲድ እንዳይሆን ይከለክላል። እዚያ ሰሃን ላይም ባክቴሪያው ከደመቀ፣ ቀለሙ አሲድን እየለካ አይደለም።