የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የዘረ መል አደረጃጀት

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያሉት መንደሮች በጭስ ይታፈናሉ፤ በየደጃፉ የተጠራቀመው ጥራጊ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ካስጨነቀው የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ የታመሙበት ያ ደዌ በዓለም የተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። የቫይረሱ ዘረ መል ተነብቦ ያለቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከናሙናዎቹ አንዱ በአላስካ በረዷማ አፈር ተቀብሮ ከቆየ አስከሬን የተወሰደ ነው።

የተነበበው ዘረ መል ግን አንድ ወጥ ሰንሰለት አልነበረም። ኢንፍሉዌንዛ ኤ በስምንት የተቆራረጠ አር ኤን ኤ (የዘር መረጃ የሚይዝ ሞለኪውል) ይይዛል፤ ድምር ርዝመቱ 13,500 ኑክሊዮታይድ (የሰንሰለቱ «ፊደል») ገደማ ነው። ቢ የተባለው ዓይነትም ስምንት ቁራጭ ሲኖረው፣ ሲ እና ዲ ሰባት ሰባት አላቸው።

ቁራጩ እርቃኑን አይቀመጥም። ኑክሊዮፕሮቲን የተባለ ፕሮቲን በየ24 ኑክሊዮታይድ ገደማ አንድ እየሆነ ይደረደርበታል። የአር ኤን ኤው ሁለት ጫፎች ተገናኝተው አር ኤን ኤን በሚገለብጥ መሣሪያ፣ በአንድ ፖሊሜሬዝ፣ ይያዛሉ፤ የቀረው አካል በራሱ ላይ ታጥፎ እንደ ተገመደ ክር ይጠማዘዛል። ፖሊሜሬዙ የግድ ያስፈልጋል፤ የቫይረሱ አር ኤን ኤ መጀመሪያ ካልተገለበጠ ፕሮቲን አይሠራበትም፣ የሰው ሕዋስ ደግሞ ይህን መገልበጫ አያቀርብለትም። ስለዚህ ቫይረሱ መሣሪያውን ይዞ ይመጣል። ሥራውም የሚከናወነው፣ በአር ኤን ኤ ቫይረሶች ዘንድ ባልተለመደ ሁኔታ፣ በሕዋሱ ኒውክሊየስ (የሕዋሱ ዘረ መል በሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ቁራጮቹ አዲስ በሚሠራው የቫይረስ ቅንጣት ውስጥ የሚታሸጉበት መንገድ ነው። አንድ ቁራጭ የጎደለው ቅንጣት ብቻውን ሊራባ አይችልም፤ ስምንቱም በዓይነት በዓይነታቸው አንድ አንድ ሆነው መግባት አለባቸው። ይህን የሚወስኑት በየቁራጩ ጫፎች አካባቢ ያሉ የእሽግ ምልክቶች ናቸው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ 100 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቅንጣት ውስጥ ሰባቱ አንዱን መሃል አድርገው ከበውት ይታያሉ።

መቆራረጡ ለሰው ልጅ መዘዝ አለው። ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቻቸው ይቀያየጣሉ፤ በስሌት 256 ዓይነት ጥምረት ይቻላል። በ1957 እ.ኤ.አ. በተነሣው ወረርሽኝ ቫይረስ ሦስት፣ በ1968ቱ ደግሞ ሁለት ቁራጮች ከወፍ ቫይረስ የመጡ ነበሩ። ነገር ግን ጥምረቱ ሁሉ አይሰምርም፦ የእሽግ ምልክታቸው ካልተጣጣመ ወይም የፖሊሜሬዙ ሦስት ፕሮቲኖች ካልተስማሙ፣ አዲሱ ቫይረስ ደካማ ይሆናል ወይም ከነጭራሹ አይወለድም።