ቮልስን በኤሌክትሪክ፦ ትንሽ መኪናን በትንሽ ገንዘብ መቀየር

መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ማለት የቤንዚን ሞተሩን አውጥቶ በቦታው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ባትሪና መቆጣጠሪያ (ኮንትሮለር) መግጠም ነው። ሻንሲው፣ ካምቢዮው፣ መሪውና ፍሬኑ እንዳሉ ይቀጥላሉ። ውድ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች በየአገሩ አሉ። ይህ ዳሰሳ ግን በሠፈር ጋራዥ፣ ባገለገለ ዕቃና በቆጠባ ስለሚሠራው ነው። ምሳሌያችን ቮልስ (የድሮዋ ፎክስዋገን ቢትል) ናት። ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለች መኪና ማግኘት ከባድ ነው።

ታሪኩ

ኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ አይደለም። ቤልጂጋዊው ካሚል ዠናትዚ በኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ኋላ ቤንዚን ረከሰና ባትሪ ተረሳ።

ነገሩ እንደገና የተነሳው በ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ቀውስ ነው። ቀውሱ እኛንም አንኳኩቷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት የቤንዚን ዋጋ ስለጨመረ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በአሜሪካ ደግሞ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ወዳጆች ማኅበር ነበር። በዚያ ዘመን ሰዎች እቤታቸው መኪና ሲቀይሩ የነበራቸው የእርሳስ ባትሪና ከሌላ ማሽን የተነቀለ ሞተር ብቻ ነው።

ለበጀት ሥራ ትልቁ ትምህርት የመጣው ከፎርክሊፍት (በመጋዘን ዕቃ ከሚያነሳው ማሽን) ነው። ፎርክሊፍት ጠንካራ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፤ ኮንትሮለርም አለው። ሲያረጅ የሚሸጠው በብረት ዋጋ ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ ጓደኛሞች አሮጌ ፎርክሊፍት ሙሉውን ገዙ። የሚፈልጉትን አወጡ፤ የተረፈውን ሸጡ። በሞተሩም ጂኦ ሜትሮ የምትባል አንዲት ትንሽ መኪና አስነሱ። ጠቅላላ ወጪያቸው ከ1 ሺህ ዶላር በታች ነበር። መኪናዋ ፈጣን አይደለችም፤ ሩቅም አትሄድም። ከተማ ውስጥ ግን ሥራዋን ሠርታለች። ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ ሰው ይህ ዘዴ እንግዳ አይደለም። አሮጌ ዕቃ ፈቶ አዲስ ሥራ ላይ ማዋል እኛ ዘንድ ስንት ቤተሰብ ያሳደገ ሙያ ነው።

በ2010 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኒሳን ሊፍ የተባለው ኤሌክትሪክ መኪና ለገበያ ቀረበ። ከዓመታት በኋላ ከተጋጩ ሊፎች የወጡ የሊቲየም ባትሪዎች ገበያውን ሞሉት። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ፎክስዋገን ራሱ ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ የድሮ ቮልስ ቀይሮ አሳየ። 60 ኪሎ ዋት ሞተርና 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ባትሪ ነበራት። 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች ተብሏል። ቆንጆ ሥራ ነው፤ ዋጋው ግን ለእኛ ኪስ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ደግሞ የሳፋሪ ላንድክሩዘሮችን የሚቀይሩ ድርጅቶች ተነስተዋል።

ቮልስ ለምን?

ቮልስ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። የመጨረሻዋ የወጣችው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም በየሠፈሩ አለች። አባት ለልጅ ያወረሳት፣ ልጅም ቀለም እየቀባ የሚጠብቃት መኪና ናት።

ለቀያሪው ትልቁ ጥቅሟ ቀላልነቷ ነው። ክብደቷ 800 ኪሎ ገደማ ነው። ሞተሯ ከኋላ ካምቢዮው ላይ በአራት ቡሎን ብቻ ታስሯል፤ ጎበዝ መካኒክ ከረፋዱ ሻይ በፊት ያወርደዋል። ራዲያተር የላትም። መሪዋ የሞተር እገዛ አይፈልግም። ፍሬኗም ከሞተሩ በሚመጣ የአየር ስበት አይታገዝም። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። እንደ ቪትዝ ያለች መኪና የቤንዚን ሞተሯ ሲወጣ ፍሬኗ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአየር መሳቢያ ፓምፕ መግዛት ግድ ነው። በቮልስ ይህ ወጪ የለም።

ሞተርና ካምቢዮ ማገናኘት

የኤሌክትሪክ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝ ወፍራም የአሉሚኒየም ፕሌት ያስፈልጋል። ከውጭ ሲገዛ ውድ ነው። እዚህ የሚሠራው ቶርኖ ቤት ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ የካምቢዮው ፊት ጠንከር ባለ ካርቶን ላይ ይነሳል። የቡሎን ቀዳዳዎቹ በመዶሻ ቀስ እየተመቱ አሻራቸውን ይተዋሉ። ከዚያ የካምቢዮው ዘንግ መሐል በጥንቃቄ ይለካል። የሞተሩ ዘንግና የካምቢዮው ዘንግ ፍጹም በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት በዓይን አትታይም። ጆሮ ግን ይሰማታል። መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ኩሽኔታው ማልቀስ ይጀምራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይበላል። ቶርኖ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ባለሙያ ግን ይህን ሥራ ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት ያወጣዋል። ከፋብሪካ የሚያንስ ሥራ አይደለም።

ፍሪሲዮኑን ማውጣት ይቻላል ወይ የሚለው ያከራክራል። መኪናዋ ስትቆም የኤሌክትሪክ ሞተሩም መዞሩን ያቆማል፤ ስለዚህ ለመነሳት ፍሪሲዮን አያስፈልግም። ብዙዎች አውጥተውት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ብቻ ይነዳሉ። ሌሎች ማርሽ መቀየር ይቀላል፣ አንድ ነገር ቢፈጠርም ሞተሩን መልቀቅ ይቻላል ብለው እንዳለ ያቆዩታል። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። አቀበት ለሚበዛበት ከተማ ማቆየቱ ይሻላል።

ባትሪ

ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ባትሪው ነው። ስለዚህ ሒሳቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ? ቮልስን የምታህል መኪና ከተማ ውስጥ በኪሎ ሜትር ከ120 እስከ 150 ዋት ሰዓት ትበላለች።

ከአንድ ባለ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊፍ 48 የባትሪ ሞጁል (ተለያይቶ የሚፈታ የባትሪ ክፍል) ይወጣል። እያንዳንዱ 7.6 ቮልት ነው፤ ክብደቱም 4 ኪሎ አይሞላም። ግማሹን፣ 24ቱን ብቻ ወስደን ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን፣ አሥራ ሁለቱን ጥንድ ደግሞ በተከታታይ ብናገናኝ 91 ቮልት እናገኛለን። አዲስ ሳለ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዝ ነበር። አገልግሎ 70 በመቶው ቀርቶታል እንበል፤ 8.4 ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ማሟጠጥ ስለሚጎዳው ከዚያ 80 በመቶውን እንጠቀም። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። ለደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ሌላ 50 ኪሎ ሜትር መመኘት ወጪውን ያንራል። እዚህ ላይ ራስን አለማታለል ከማንኛውም የዕቃ ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ያተርፋል።

የእርሳስ ባትሪ በመጀመሪያ ግዢ ይረክሳል። ነገር ግን አንድ ኪሎው የሚይዘው ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ነው፤ ከግማሽ በታች ሲወርድም ዕድሜው ያጥራል። 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማግኘት ወደ 280 ኪሎ እርሳስ መጫን ይኖርብሃል። አራት ሰው እንደማለት ነው። ስለዚህ በእርሳስ መጀመር ዛሬ አይመከርም።

ሊቲየም ያለ ቢኤምኤስ አይሞከርም። ቢኤምኤስ እያንዳንዱን ሴል የሚጠብቅ መሣሪያ ነው። አንዱ ከልክ በላይ ሲሞላ ወይም ሲወርድ መስመሩን ያስቆርጣል። እዚህ ላይ መቆጠብ እሳት መጋበዝ ነው። ባትሪው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ከፊት በሰርባቶዮው ቦታ፣ ሌላው ከኋላ ወንበር ጀርባ ቢቀመጥ የመኪናዋ ሚዛን አይዛባም።

ቻርጅ የሚደረገው ከቤት ሶኬት ነው። 220 ቮልት ላይ 10 አምፔር የሚስብ ቻርጀር ይህን ባትሪ በአራት ሰዓት ገደማ ይሞላዋል። ማታ ተሰክቶ ይታደራል።

ሕይወት የሚነኩ ነገሮች

ከ60 ቮልት በላይ ያለ የባትሪ ኃይል ሰው ሊገድል ይችላል። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጫፍ ብቻ ይነካል። ዋናው ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ሾፌሩ ተቀምጦ በእጁ የሚቆርጠው ማጥፊያም ይኑር፤ ኮንትሮለር ሲቃጠል አንዳንዴ ሙሉ ኃይል ለቆ ሊቀር ይችላልና።

ኮንትሮለሩ ውስጥ ትላልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) አሉ። ባትሪው በቀጥታ ሲገናኛቸው ብልጭታው የኮንታክተሩን (የዋናው ማብሪያና ማጥፊያ) ጥርሶች ሊበይዳቸው ይችላል፤ ከዚያ መኪናዋን ማጥፋት አይቻልም። መፍትሔው ካፓሲተሮቹን መጀመሪያ በሬዚስተር (ኃይሉን በሚገታ ትንሽ ዕቃ) በኩል ቀስ ብሎ መሙላት ነው። ሬዚስተሩ የሚያወጣው ጥቂት ብር ነው።

የፎርክሊፍት ሞተር ጭነት ሳይኖረው በሙሉ ቮልት አይሞከርም። ፍጥነቱ ያለ ገደብ ይጨምርና ራሱን ይበታትናል። መሬት ላይ ሲሞከር በደንብ ታስሮ፣ በ12 ቮልት ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቮልስ አቀበት ላይ ስትቃትት ያየ ሰው ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። እንጦጦ ግርጌም ሆነ አዳማ ያው ነው። ጉልበቱ ሙሉ የሚሆነውም ከመነሻው ስለሆነ ዳገት ላይ ተነስቶ ለመሄድ ከድሮው ሞተር ይበልጣል። ሆኖም ስሱ አየር የማቀዝቀዝ አቅሙም አነስተኛ ነው፤ ረጅም ዳገት ላይ የሞተሩን ሙቀት መከታተል ያስፈልጋል።

ቁልቁለቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከፎርክሊፍት የወጣ ባለ ካርቦን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ወደ ባትሪ አይመልስም። እግር ሲነሳ መኪናዋ ዝም ብላ ትንሸራተታለች፤ በማርሽ መያዝ የለም። ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው ያለው ፍሬን ብቻ ነው። ባትሪ ተጨምሮባት ከከበደች ደግሞ የፍሬን ሸራው፣ ሲሊንደሩና ቱቦው ከሞተሩ በፊት መታደስ አለበት።

ሕግና ወረቀት

ፈረንሳይ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ ከ5 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና በተፈቀደለት ባለሙያ ወደ ኤሌክትሪክ እንዲቀየር ፈቅዳለች። በኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። ለኤሌክትሪክ መኪኖች የቀረጥ ቅናሹ ቀደም ብሎ ነው የመጣው፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት ቀረጡ 15 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው ለሚመጡት ደግሞ ዜሮ ተደርጎ ነበር። በዚህ የተነሳ ያገለገለ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ገንዘቡ ላለው ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። መኪናው በእጁ ላለ ሰው ግን መቀየሩ ርካሽ ነው።

ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ተጽፏል። ስለዚህ ሞተር ከመውረዱ በፊት ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ይቀድማል። የወረደው ሞተር ሶማሌ ተራ ገዢ አያጣም። ሽያጩ ግን ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ የድሮውን ቁጥር አሳይ ሊባል ይችላል።