ከጅማ ወደ ባሕር ማዶ፦ የታሸገ ደረቅ ምግብ በመርከብ መላክ

ከጅማና ከአካባቢዋ በመርከብ የሚሄድ ምግብ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በ60 ኪሎ ጆንያ የሚላከው ጥሬ ቡና ነው። ከጎኑ ግን መጠኑ አነስ ያለ ሌላ ጭነት አለ፦ የደን ማር፣ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና፣ ኮረሪማ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። ማቀዝቀዣ አይሹም፣ በየማሸጊያቸው ሆነው ለሱቅ መደርደሪያ ይደርሳሉ። ጥሬ ቡና ተቀባዩ ዘንድ ደርሶ ይለቀማል፣ ይቆላል፤ እነዚህ ግን እንደ ደረሱ ይበላሉ፤ ስለዚህ የማረሚያ ዕድል የለም። ሲበላሹም ጥፋቱ የባሕሩ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ የሚያጠፋቸው ጅማ ላይ አብሯቸው የታሸገው እርጥበት ነው።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መኪናው ጊቤ በረሃ ወርዶ፣ በወልቂጤ አድርጎ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ከዚያ በሞጆ ደረቅ ወደብና በአዋሽ በኩል ጅቡቲ ይደርሳል። ከሞጆ በኋላ በባቡርም መሄድ ይቻላል። ዕቃው ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ 2,300 ሜትርን አልፎ፣ መጨረሻው የባሕር ወለል ነው። አየር ይዞ የታሸገ የላስቲክ ከረጢት አዲስ አበባ ላይ ይነፋል፣ ጅቡቲ ሲደርስ ይኮማተራል። በሙቀት የተጣበቀው አፍ ደካማ ከሆነ ሲነፋ ይከፈታል። ስስ የፕላስቲክ የማር ዕቃም ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ይደርሳል፤ ማሩ ምንም ባይሆንም ገዢው ግን አይወደውም። የተቆላ ቡና ደግሞ ከከፍታው ሌላ የራሱን ጋዝ ስለሚያወጣ፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ያለው ከረጢት ይፈልጋል።

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ አይጠፋም። ጅማ ክረምት ሲገባባት ደግሞ ጅቡቲ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ሐምሌ ላይ የታሸገ ሽሮ እንግዲህ ከእርጥቡ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ምድጃው ይገባል። በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ሙቀቱ ከሽሮው፣ ከካርቶኑና ካርቶኑ ከተደረደረበት የእንጨት ርብራብ (ፓሌት) ውኃ ያተናል፤ መርከቡ ወደ ቀዝቃዛ ባሕር ሲገባ ያ እንፋሎት በብረት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ካርቶኑ ላይ ይንጠባጠባል። የረጠበ ካርቶን ሸክም አይችልም፤ የታችኛው ድርድር ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ሻጋታው ይከተላል።

ሽሮና በርበሬ ከ10 በመቶ በታች እርጥበት ላይ ሳይደርሱ መታሸግ የለባቸውም። የተፈጨ ዱቄት ሳይበርድ ከታሸገ በራሱ ላብ ይረጥባል። ካርቶን በሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥም። የእንጨት ፓሌት ደረቅ መሆን ብቻ ሳይሆን መሐል እንጨቱ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መታከሙን የሚያሳይ ማኅተም ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ብዙ አገሮች ጭነቱን ይመልሳሉ ወይም በላኪው ወጪ ያሳክማሉ። በኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይሰቀላሉ፤ የረጠበ ምርት ግን በእነሱ አይድንም።

ባዶው ኮንቴይነር ሲመጣ አንድ ሰው ውስጥ ይገባና በሩ ይዘጋበታል። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ በጨለማው ወዲያው ይታያል። የበሩ ጎማ ይዳሰሳል፣ ወለሉ ይሸተታል። ቀድሞ ኬሚካል ወይም ቆዳ የጫነ ኮንቴይነር ለምግብ አይሆንም። የራስን ዕቃ ሽታም መጠንቀቅ ነው፤ ኮረሪማና ቡና አንድ ላይ ከተጫኑ ቡናው ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል።

ማር የራሱ ጣጣ አለው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት የውኃ መጠኑ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሰፈፉ ሳይከደን የተቆረጠ የደን ማር ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ያኔ እርሾው ይነሣል፣ ክዳኑ ያብጣል፣ ማሩ ይኮመጥጣል። ሪፍራክቶሜትር በሚባለው ትንሽ መሣሪያ በአንድ ጠብታ ይለካል፤ መለካት ያለበትም ከየንብ አናቢው ሲረከቡ ነው፣ ከተቀላቀለ በኋላ አይደለም። የረጋ ማር ለማቅለጥ ብዙ ማሞቅም ሌላ ስሕተት ነው፤ ማር ሲሞቅና ሲቆይ የሚፈጠረው፣ ኤች ኤም ኤፍ የተባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል። ወሰኑ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር 80 ነው። መንገዱ ራሱ ስለሚያሞቀው ከጅማ ሲነሣ ከወሰኑ ብዙ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

በበርበሬ ላይ የሚፈራው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በደረቅ በርበሬ ለቢ1 ዓይነቱ በኪሎ 5፣ ለጠቅላላው 10 ማይክሮግራም ይፈቅዳል። መሬት ላይ ተሰጥቶ የማታ ጤዛ የመታው በርበሬ ሲፈጭ ምልክቱ አይታይም፤ ላቦራቶሪ ግን ያገኘዋል። ውጤቱ እስኪመጣ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ በቀን ኪራይ ይቆጥራል።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ 1 በ1.2 ሜትር የሆኑ 10 ፓሌቶች ይገቡበታል። ባዶውን ጅማ ድረስ አስመጥቶ መጫን ዕቃው አንዴ ብቻ እንዲነካ ያደርጋል፤ ባዶ የመጣበት ኪራይ ግን አለ። ካርቶኖች ጥግ በጥግ፣ ቀጥ ብለው መደራረብ አለባቸው፤ እንደ ጡብ ማጠላለፍ ያምራል እንጂ የካርቶኑን አቅም ይቀንሳል። ኮንቴይነር መሙላት የማይችል ላኪ ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ይጭናል። ሒሳቡ በሜትር ኩብ ወይም በቶን፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ነው። እዚህ ላይ ድርቆሽ ይከስራል፦ 60 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 10 ካርቶኖች እያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ቢይዙ 80 ኪሎ ናቸው፤ የሚከፈልባቸው ግን አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በዚያው ቦታ ማር ከ500 ኪሎ በላይ ይገባል።

ከውሉና ከባንክ የወጪ ንግድ ፈቃዱ ሌላ ኢንቮይስ (የሽያጭ ዋጋ ሰነድ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የካርቶኖቹ ዝርዝር)፣ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት፣ እንደ ምርቱም የዕፅዋት ጤና ወይም የምግብ ደኅንነት ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም የጉምሩክ መግለጫውን፣ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ይሞላል። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተረጋገጠ ክብደቱ ያልተገለጸ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይወጣም። ወደ አሜሪካ ሲሆን አምራቹ በምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ዘንድ መመዝገብ፣ ጭነቱም ከመድረሱ ቢያንስ 8 ሰዓት በፊት መታወቅ አለበት። በየወረቀቱ ላይ የካርቶኑ ቁጥርና ክብደት አንድ ካልሆነ ሁሉም ይቆማል።

መለያ ጽሑፉ ላይ የሚሠራ አንድ ስሕተት ደግሞ የኛው ብቻ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 12/3/2018 የሚል የማብቂያ ቀን ኅዳር ማለት ነው፤ የውጭ ተቆጣጣሪ ግን ከዓመታት በፊት ያለፈበት ምግብ አድርጎ ያነበዋል። ቀኑ በፈረንጆቹ፣ ወሩም በፊደል ይጻፍ። በሶ ገብስ ስለሆነ ግሉተን መያዙ ይገለጽ። ቅቤ የገባበት ሽሮና ቋንጣ ከዚህ ጭነት ጋር አይሄዱም፤ የእንስሳት ተዋጽኦ ሕግ ጠባብ ነው፣ አንድ ካርቶን ሙሉውን ኮንቴይነር ሊያስይዝ ይችላል።

የመደርደሪያ ዕድሜም ከመጫኑ በፊት ይሰላ። ብዙ ገዢዎች ዕቃው ሲደርስ ከዕድሜው ሁለት ሦስተኛው እንዲቀረው ይጠይቃሉ። 12 ወር የተሰጠው ሽሮ ከታሸገበት ቀን አንሥቶ ያለው ጊዜ እንግዲህ 4 ወር ብቻ ነው፤ የመጋዘኑ፣ የወረቀቱ፣ የመንገዱ፣ የወደቡና የባሕሩ ቀን ሁሉ ከዚያ ይቀነሳል። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ብዙ መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲዞሩ ወደ አውሮፓ የሚደረገው ጉዞ በ10 ቀንና ከዚያ በላይ የረዘመባቸው ጊዜያት አሉ። ስለዚህ ሽሮው ትእዛዙና የመርከቡ ቦታ ከተረጋገጡ በኋላ ቢፈጭ ይሻላል።