ሉላዊነት፦ ዕቃው ሲቀርብ መዘዙ የት ይሄዳል?

ሉላዊነት፣ ብዙዎቻችን ግሎባላይዜሽን የምንለው፣ ዕቃ፣ ገንዘብ፣ ሰው፣ ሐሳብና ቴክኖሎጂ ድንበር እየተሻገሩ የአገሮችን ኑሮ የሚያስተሳስሩበት ሂደት ነው። ስለሱ ሲወራ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ኢንተርኔት ነው። እኔ ግን ከብረት ሳጥን ብጀምር እመርጣለሁ። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤፕሪል 26 ቀን 1956 «አይዲል ኤክስ» የተባለች አሮጌ መርከብ ከአሜሪካው ኒውአርክ ወደብ ተነስታ ወደ ሂውስተን አቀናች። ላይዋ ላይ 58 የብረት ሳጥኖች ተደርድረው ነበር። ሐሳቡ የማልኮም ማክሊን ነው። ሰውየው የጭነት መኪናዎች ባለቤት እንጂ የባህር ሰው አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ጭነት ማለት ጆንያና በርሜል እየተቆጠረ በሰው ትከሻ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ነበር። መርከቡ ወደብ ላይ ተገትሮ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንት ያልፈዋል። አንድ ቶን በእጅ ለመጫን 5.86 ዶላር ይፈጅ ነበር። በሳጥን ሲጫን ወጪው ወደ 16 ሳንቲም ወረደ።

ዛሬ ኮንቴይነር የምንለው ያ ሳጥን ነው። የአሁኖቹ ግዙፍ መርከቦች ባለ 20 ጫማውን ከ24,000 በላይ ይጭናሉ። በመጠን ሲታይ ከዓለም የዕቃ ንግድ ከ80 በመቶ በላይ የሚጓዘው በባህር ነው። ማጓጓዣ እንዲህ ሲረክስ ፋብሪካ ከገዢው አጠገብ መሆኑ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ጨርቁ አንድ አገር ይሸመናል፣ ሌላ አገር ይሰፋል፣ ሦስተኛ አገር ይሸጣል።

ሳጥኑ የበላውም እንጀራ አለ። በትከሻቸው ሲጭኑና ሲያወርዱ የኖሩ የወደብ ሠራተኞች በየአገሩ ሥራ አጡ። የለንደን አሮጌ ወደቦች ከ1967 ጀምሮ አንድ በአንድ ተዘጉ። የመጨረሻዎቹ ትልልቆቹ በ1981 ሥራ አቆሙ። በኋላ የባንክ ፎቆች በቆሙበት ሰፈር በፊት የሚሰማው የጫኝና አውራጅ ጩኸት ነበር።

ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከአንድ ነገር ጋር ይያያዛል። ሉላዊነት ዕቃውን አቀረበልን፤ የዕቃውን መዘዝ ግን አራቀብን። ገዢው ዋጋውን ያያል። ከዋጋው ጀርባ ያለውን ሕንፃ፣ ወንዝ ወይም ደን አያይም።

ደንቡ እንዴት ተሠራ?

የአገሮች መተሳሰር አዲስ ነገር አይደለም። ከ1914 በፊትም በእንፋሎት መርከብና በቴሌግራፍ ዓለም በደንብ ተገናኝታ ነበር። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና የ1930ዎቹ ቀውስ ያን በጣጠሱት። በ1944 አሜሪካ ብሬተን ዉድስ ላይ የተሰበሰቡ አገሮች ለዓለም ባንክና ለዓለም የገንዘብ ድርጅት መሠረት ጣሉ። በ1947 ደግሞ 23 አገሮች ቀረጥ ለመቀነስ ጋት የተባለውን ስምምነት ፈረሙ። የዓለም ንግድ ድርጅት የተተካው በዚህ ስምምነት ቦታ ነው። ሥራውን በ1995 ጀመረ። ቻይና በዲሴምበር 2001 አባል ስትሆን ጨዋታው ተቀየረ።

ሲሳይና ቅጣት

ለምን ይዋሻል፣ ጥቅሙ ግዙፍ ነው። በ1990 ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በከፋ ድህነት ይኖር ነበር። ሦስት አስርት ዓመታት ሳይሞሉ ቁጥሩ ወደ 700 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። የዓለም ሕዝብ በዚያው ጊዜ በቢሊዮን መጨመሩን አትርሱ። ቻይና ብቻዋን በ40 ዓመት ውስጥ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ዜጋ ከከፋ ድህነት አውጥታለች። ይህን ሁሉ ንግድ ብቻውን አላመጣውም። መሬቱ ለገበሬው መከፋፈሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱና ኤሌክትሪኩ ቀድመው ባይሠሩ ኖሮ የውጭ ገበያ መከፈቱ ብዙም አይፈይድም ነበር። ጥሬ ዕቃ ብቻ እየላኩ ያለቀለት ዕቃ የሚያስገቡ አገሮች ያን ያህል ያልተጠቀሙት ለዚህ ነው። የማዕድኑ ዋጋ ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ።

ኢኮኖሚስቱ ብራንኮ ሚላኖቪች የዓለምን ሕዝብ ከድሃ ወደ ሀብታም ደርድሮ ከ1988 እስከ 2008 የእያንዳንዱ ደረጃ ገቢ ስንት እንዳደገ የሚያሳይ መስመር አውጥቶ ነበር። መስመሩ ዝሆን ይመስላል፤ ስሙም «የዝሆን ግራፍ» ሆኖ ቀረ። የጎበጠው ጀርባ ላይ ያሉት በአብዛኛው የእስያ አዲስ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች ናቸው፤ ገቢያቸው በእጅጉ አድጓል። ወደ ላይ የተቀሰረው ኩምቢ ጫፍ ላይ የዓለም ከበርቴዎች አሉ። በሁለቱ መሃል መስመሩ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። እዚያ የሚገኙት በሀብታም አገሮች የሚኖሩ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ሠራተኞች ናቸው። ሃያ ዓመት ሠርተው ገቢያቸው ፈቀቅ አላለም ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ መካከል የፋብሪካ ሰዎች ይገኙበታል። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት ከ1999 እስከ 2011 የቻይና ምርት ወደ አሜሪካ በብዛት መግባቱ እስከ 2.4 ሚሊዮን የሚደርስ የአሜሪካ ሥራ አሳጥቷል። ቁጥሩ ከአገሪቱ ስፋት አንጻር ትልቅ ላይመስል ይችላል። ችግሩ ኪሳራው እኩል አለመከፋፈሉ ነው። የቤት ዕቃ ወይም የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ብቻ የነበራት ትንሽ ከተማ ፋብሪካዋ ሲዘጋ ሁሉ ነገሯ ይዘጋል። የርካሹ ሸሚዝ ጥቅም ግን ለመላው አገር በጥቂት በጥቂቱ ይዳረሳል። መጽሐፍት ላይ «ሠራተኛው ወደ ሌላ ዘርፍ ይዘዋወራል» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። 50 ዓመት የሞላው ሰው ቤቱ በማይሸጥበት ከተማ ውስጥ ሆኖ ወዴት ነው የሚዘዋወረው? አብዛኞቹ የትም አልሄዱም።

ገንዘብም እንደ ዕቃ፣ ከዕቃም በላይ ይፈጥናል። ጁላይ 2 ቀን 1997 ታይላንድ የገንዘቧን ዋጋ መደገፍ ሲያቅታት ቀውሱ በወራት ውስጥ ኢንዶኔዥያንና ደቡብ ኮሪያን አዳረሰ። በ2008 የአሜሪካ የቤት ብድር ሲበላሽ ደግሞ ስለ ጉዳዩ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች በሌላ አህጉር ከሥራ ተቀነሱ። በማርች 2021 400 ሜትር የምትረዝም «ኤቨር ጊቭን» የምትባል መርከብ የስዊዝ ካናልን ለስድስት ቀን ዘግታ በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦችን አስቆመች። ሰንሰለቱ ሲረዝም የሚበጠስበትም ቦታ በዚያው ልክ ይበዛል።

ስንጥቁን ያዩት ሴቶች

ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ ወጣ ብላ በምትገኘው ሳቫር ራና ፕላዛ የሚባል ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ታች ሱቆችና የባንክ ቅርንጫፍ፣ ላይ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች። የላይኞቹ ፎቆች ያለ ፈቃድ የተጨመሩ ናቸው። ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ግድግዳውና ምሰሶው ተሰነጠቀ፤ ሰውም እንዲወጣ ተደረገ። በማግስቱ ባንኩና ሱቆቹ አልከፈቱም። ሰፊዎቹ ግን ግቡ ተባሉ። አንገባም ያለ ደመወዙን ያጣል። የጊዜው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 3,000 ታካ፣ ወደ 38 ዶላር ነበር። ጠዋት መብራት ጠፋ። ላይ ፎቅ ላይ ያሉት ከባድ ጄኔሬተሮች ተነሱ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሕንፃው ተደረመሰ። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከፍርስራሹ ውስጥ የታወቁ የአውሮፓና የአሜሪካ ልብስ ሻጮች ምልክት የተሰፋባቸው ልብሶች ወጡ።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚያመኝ የባንኩ ነገር ነው። አደጋው አልተሰወረም። አንዱ ቤት ሠራተኞቹን አስቀረ፣ ሌላው አስገባ። ሁለተኛውን ያስቸኮለው ቀኑ የደረሰ የውጭ ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙን የሰጠው ኩባንያ ስንጥቁን አላየም፤ ለማየትም የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነው ግን ተስፋ አለው። በሳምንታት ውስጥ የልብስ ሻጮችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ የእሳትና የሕንፃ ደህንነት ስምምነት ፈረሙ። ከ1,600 በላይ ፋብሪካዎች ተፈተሹ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዝቅተኛው ደመወዝ 5,300 ታካ ገባ። ፋብሪካዎቹ ይዘጉ ማለት ግን ለእነዚያ ሴቶች መልስ አይደለም። ጥናቶች እንደሚያሳዩት በፋብሪካዎቹ አቅራቢያ ያደጉ የባንግላዴሽ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል፣ ዘግይተውም አግብተዋል። በራስ ስም የሚቀበሉት ደመወዝ ቤት ውስጥ የመናገር አቅም ይሰጣል። የሚያስፈልገው በሩ የማይቆለፍበትና ጣሪያው የማይወድቅበት ፋብሪካ ነው።

ሰው ራሱም ይንቀሳቀሳል። በ2020 ከተወለዱበት አገር ውጭ የሚኖሩ 281 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። ወደ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚልኩት ገንዘብ በ2023 ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል፤ ከመንግሥታት የልማት እርዳታ በእጅጉ ይበልጣል። 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ለአስተላላፊው ይቆረጣል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ አስቀምጧል። ከሀብታም ኪስ የሚወጣ ቢሆን ይህን ያህል ዝም ይባል ነበር ብዬ አላምንም። በባህል በኩል ደግሞ ዓለም ላይ ካሉት ወደ 7,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች 40 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። ሉላዊነት ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ ግን የገበያውና የስክሪኑ ቋንቋ ጥቂት ሲሆን ልጆች የአያታቸውን ቋንቋ የሚይዙበት ምክንያት ይሳሳል።

ከመርከቡ ሆድ እስከ ቆሻሻው ክምር

የባህር ትራንስፖርት ብቻውን ከሰው ሠራሽ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 3 በመቶ ገደማ ይይዛል። ከዚህ የሚብሰው የሂሳብ አያያዙ ነው። ልቀት የሚመዘገበው ዕቃው በተመረተበት አገር ስም ነው። ብረቱን ሌላ አገር አስቀልጦ የሚገዛ መንግሥት «ልቀቴን ቀነስኩ» ማለት ይችላል። ጭሱ ግን አልቀነሰም፤ አድራሻ ነው የቀየረው። ደንም እንዲሁ ነው። የብራዚል ደን ለአኩሪ አተርና ለከብት ግጦሽ፣ የኢንዶኔዥያ ደን ለፓልም ዘይት ሲመነጠር ከምርቱ ብዙ የሚበላው ሌላ አገር ላይ ነው።

አንዳንዱ ጉዳት ከመርከቡ ሆድ ይወጣል። ባዶ መርከብ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ከሚነሳበት ወደብ ውሃ ይሞላና ሲደርስ ይደፋዋል። ከውሃው ጋር የዚያ አገር ፍጥረት ይመጣል። ከጥቁር ባህርና ከካስፒያን አካባቢ የመጣች ዜብራ መስል የምትባል ጥፍር የምታህል ባለ ዛጎል እንስሳ በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ተገኘች። ዓመት ቆይቶ በሚቺጋን የምትገኘው ሞንሮ ከተማ የሐይቅ ውሃ የምትስብበት ቧንቧ በእነዚህ እንስሳት ተደፍኖ ውሃ አጣች። ስለ መርከብ ሚዛን መጠበቂያ ውሃ አያያዝ ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው በ2004 ነው። ሥራ ላይ ለመዋል 13 ዓመት ፈጀበት።

ዓለም ሲፈልግ ግን ይፈጥናል። የኦዞን ሽፋንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ለማስቆም በ1987 የተፈረመውን የሞንትሪያል ስምምነት በጊዜ ሂደት ሁሉም የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ተቀብለውታል። ሽፋኑ እያገገመ ነው። ስምምነቱ ጥርስ ነበረው፤ ከፈራሚዎቹ ውጭ ካሉ አገሮች ጋር በእነዚያ ኬሚካሎች መነገድን ይከለክል ነበር። ድሃ አገሮችም የሚቀይሩበት ገንዘብ ተመድቦላቸዋል። የአየር ንብረት ስምምነቶች ይህን ያህል ያልተሳካላቸው አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለ ጥርስ ማጣታቸው ይመስለኛል።

የመጨረሻው ነገር ቆሻሻ ነው። በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። አደገኛ ቆሻሻ ወደ ድሃ አገር እንዳይጣል የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ከ1989 ጀምሮ አለ፤ ግን «ያገለገለ ዕቃ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ብዙ ነገር ያልፋል። ቻይና ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ የሌሎች አገሮችን የፕላስቲክ ቆሻሻ አልቀበልም ስትል ሳጥኖቹ ወደ ማሌዥያ፣ ቬትናምና ታይላንድ ዞሩ።

በ2013 እና በ2014 ከካናዳ 103 ኮንቴይነሮች ፊሊፒንስ ገቡ። ወረቀታቸው «መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ፕላስቲክ» ይላል። ሲከፈቱ ውስጣቸው ያገለገለ የሕፃን ዳይፐር ጭምር ያለበት የቤት ቆሻሻ ተገኘ። አገሪቱ መልሱልን ብላ ዓመታት ተከራከረች። በመሃል የአንዳንዶቹ ኮንቴይነሮች ቆሻሻ እዚያው ፊሊፒንስ ተቀበረ። የቀሩት 69 ሳጥኖች ሜይ 31 ቀን 2019 መርከብ ላይ ተጫኑ። ወር ገደማ ባህር ላይ ቆይተው ቫንኩቨር ደረሱ። ቆሻሻውም ከከተማዋ አጠገብ በምትገኘው በርናቢ፣ ያመረተው ሰው አገር ውስጥ ተቃጠለ።