ወረርሽኝ፣ ከብትና ጉርብትና በጎጃም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮቪድ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም መካከል ነበር። በዚያው ወር ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ሲዘጉ ለፋሲካ የተቀለበው በሬ በረት፣ ገዢው ከተማ ቀረ። ያኔ ጎረቤትን ከጎረቤት ያራራቁ አባባሎች ዛሬም ይሰማሉ።

«ከጎረቤት የመጣ ወተት በሽታ ይዞ ይገባል»

ኮቪድ በዋናነት በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። የሚያሰጋው ወተቱ ሳይሆን ወተት ያመጣችው ጎረቤት ቤት ገብታ ቡና እስኪፈላ መቀመጧ ነው። ጎረቤታሞች ወተት አዋጥተው በየተራ ቅቤ የሚያወጡበት የወተት እቁብ ሲፈርስ ግን ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። 1 ኪሎ ቅቤ ከ16 እስከ 20 ሊትር ወተት ይፈልጋል፤ ከሐበሻ ላም ጥጃዋ ጠብቶ የሚተርፈው በቀን 2 ሊትር ቢሆን ነው። አንድ ቤት ብቻውን ሲያጠራቅም ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል፣ እርጎውም ይበላሻል። አምስት ቤት ቢገጥም በሁለት ቀን ይናጣል። ርክክቡ ደጅ ላይ ይሁን፤ ሁሉም በአንድ መስፈሪያ ይለካ።

«ቅቤው ካነሰ አንዷ ውኃ ጨምራለች»

እቁብ የሚያፈርሰው ከበሽታው ይልቅ ይህ ሐሜት ነው። ድቅል ላም ብዙ ትታለባለች፣ የወተቷ ቅባት ግን ከሐበሻዋ ያንሳል። ክፉኛ የቀዘቀዘ እርጎም ቅቤው ቶሎ አይሰበሰብም፤ ከመጠን በላይ ከሞቀ ደግሞ ቅቤው አሬራው ውስጥ ይቀራል። የድቅሏን ወተት አንድ ዙር ለብቻው ናጡት፤ ልዩነቱን ሁሉም ካየ በኋላ ድርሻው በዚያ ይታሰብ።

«ወንፈልና መቀናጆ ይቁም»

መቀናጆ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በየተራ የሚያርሱበት ነው፤ ሲቆም ሁለቱም ማሳቸውን ጦም ያሳድራሉ። ማሳ ላይ ተራርቆ መሥራት ይቻላል። መቅረት ያለበት ጠላውን በአንድ ዋንጫ ማዞር ነው።

«የከብት ክትባቱ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ይቆይ»

ከብት በድንገት የሚገድሉት አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የተባሉ በሽታዎች አይጠብቁም። የተከፈተ ብልቃጥ ለነገ አይቀመጥም፤ ጥቂት ከብት ብቻ ከመጣ ክትባቱ ይደፋል። በየጎጡ ሰዓት ተከፋፍሎ መምጣት ክትባቱንም መራራቁንም ያስታርቃል።

«ቆዳውን ያላሳየ ሸጦታል»

የርቢ ከብት፣ ማለት የሌላ ሰው ከብት ውልዱን ሊካፈል የሚያረባ ሰው ላሟ ስትሞትበት ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቆዳዋን ነው። በሌላ ጊዜ ጥያቄው አይከፋም። በድንገት ሞቶ ሆዱ የተነፋ፣ ከአፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም የወጣ ከብት ግን በአባ ሰንጋ ይጠረጠራል። ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ አየር ያገኝና መሬት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ በገፈፈው ሰው እጅ ላይም መሐሉ የጠቆረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ውል ስትገቡ ይህንም ጨምሩበት፦ ድንገተኛ ሞት ሲደርስ ከየወገኑ አንድ ምስክር ይጠራ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይየው፣ መንገድ ለተዘጋበት ባለቤት የከብቱ ምልክት በስልክ ፎቶ ይላክ፤ ከዚያ ሳይቆረጥ 2 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር። ሥጋውን በቅርጫ እንካፈል የሚል አይጠፋም። እግሩ የተሰበረ በሬ ሲሆን ጎረቤት ሥጋውን ተካፍሎ ባለቤቱን ሌላ ያስገዛዋል፤ ለአባ ሰንጋ ግን ቅርጫ የለም።