ታንኩን ገዛህ፤ ወርቁንስ?

በገዛነው ዕቃ ውስጥ ተደብቆ የተገኘ ውድ ነገር የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን ደጋግሞ ስለመጣ በአጭሩ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ እንግሊዛዊ የአሮጌ ታንክ ሰብሳቢ፣ የኢራቅ ጦር የነበረ ታንክ ገዝቶ ሲፈታታ ከናፍጣ ማጠራቀሚያው ውስጥ አምስት ጥፍጥፍ ወርቅ መዞ አወጣ። ለፖሊስ ደወለ፤ ደግ አደረገ። የተሸጠለት ታንኩ ነዋ! ሻጩ መኖሩን እንኳ ያላወቀው ወርቅ አብሮ አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ1841 በታየ ጉዳይ፣ እዚያው እንግሊዝ አንዱ በጨረታ የገዛው የጽሕፈት ጠረጴዛ ስውር መሳቢያ ውስጥ ገንዘብ አግኝቶ ዝም ቢል፣ ፍርድ ቤቱ ዕቃውን መግዛት ገንዘቡን መግዛት አይደለም ብሏል። ሻጩ “ከነምናምኑ ውሰደው” ካለ ግን ነገሩ ይለያል። እስከዚህ እርግጥ ነው። የሚለያየው ዋናው ባለቤት ሲጠፋ ነው፤ ያኔ እንደ ንብረቱ ዕድሜና እንደየአገሩ ሕግ ላገኘውም ለመንግሥትም ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን ሳያፈላልጉ ኪስ መክተት ግን በስርቆት ሊያስጠይቅ ይችላል።